የማይሰፋ ጅማት

በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ላይ ስለ ትከሻ ጅማት መጻፍ ምን አመጣው የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ግጥምና አጭር ልቦለድ ሲጠብቅ ጡንቻና አጥንት ቢቀርብለት፣ ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦር ሜዳ ታሪክ ብቻ ነው ያለው ማነው? ክንዱን ማንሣት ያቃተው ሰው መልሶ እንዲያነሣ ለማድረግ ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገው ሙከራ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሥራውን የለቀቀ፣ የሙያ ጓደኞቹ ፊት የነሱት፣ ገንዘቡም ያለቀበት ሰው አለ፤ ያውም አንዲት ጥያቄ አልተው ስላለ። ጥያቄይቱም «ኦፕራሲዮን ያደረግነው በሽተኛ ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ?» የምትል ናት። እኔ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም፤ ወደዚህ ነገር የሳበችኝ ይህችው ጥያቄ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።)

መጀመሪያ ትከሻ እንዴት እንደ ተሠራ ማየት ያስፈልጋል። የዳሌ መገጣጠሚያ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ የጭኑ አጥንት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ትከሻ እንደዚያ አይደለም። አንድ ብርቱካን በሲኒ ማስቀመጫ ሳሕን ላይ አድርጉና ሳሕኑን በጐኑ አቁሙት፤ ትከሻ ማለት ይኸው ነው። ብርቱካኑ የክንድ አጥንት ራስ ነው፤ ሳሕኑ ደግሞ ከጀርባ በኩል ያለው የጠፍጣፋው አጥንት ጠርዝ። ታዲያ ብርቱካኑ ለምን አይወድቅም? አራት ጡንቻዎች ከፊት፣ ከላይና ከኋላ መጥተው ጅማታቸውን በአጥንቱ ራስ ላይ እንደ ቆብ ስለሚደፉበት ነው። ሐኪሞቹ «ሮታተር ከፍ» ይሉታል፤ እኛ እዚህ ቆብ እያልን እንቀጥል። ከቆቡ በላይ ዴልቶይድ የሚባለው ትልቁ የትከሻ ጡንቻ አለ። ክንድን ወደ ላይ ለማንሣት ዋናው ጉልበተኛ እሱ ነው፤ ግን ጉልበቱ አቅጣጫ ይጐድለዋል። ብቻውን ሲስብ አጥንቱን ሽቅብ ይጐትተዋል እንጂ አያዞረውም። ቆቡ ብርቱካኑን ወደ ሳሕኑ ጠፍንጎ ሲይዝለት ነው ክንድ በማጠፊያው ላይ እንዳለ በር የሚዞረው።

ቆቡ ሲቀደድ ምን እንደሚሆን የደረሰበት ያውቀዋል። ጋቢ ወደ ትከሻ መጣል፣ ጸጉር ማበጠር፣ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ማውረድ ጭንቅ ይሆናል። ሌሊቱ ደግሞ ይብሳል፤ በዚያ ጐን መተኛት አይታሰብም። ቅዳዱ በመውደቅ ወይም ከባድ ነገር በማንሣት ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጅማቱ ከዕድሜ ጋር እንደ አሮጌ ነጠላ እየሳሳ ሄዶ ነው የሚበሳው። የሚገርመው ደግሞ የተቀደደ ሁሉ አይታመምም። በ1995 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ምንም የማያማቸውን 96 ሰዎች ትከሻ በኤም አር አይ አይቶ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆነው ውስጥ በ54 በመቶው ላይ ከፊል ወይም ሙሉ ቅዳድ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች ጋቢያቸውን ጥለው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው የሚኖሩ ናቸው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው ይመለስብናል።

የተበጠሰውን የትከሻ ጅማት በጽሑፍ ካሰፈሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ጆን ግሪጐሪ ስሚዝ ነው። በ1834 ሎንዶን ውስጥ በሚታተም የሕክምና ጋዜጣ ላይ ሰባት የተጐዱ ትከሻዎችን ገልጾ ጻፈ፤ ያያቸውም በሬሳ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ለብዙ ዘመን ያው የሬሳ ምርመራ ወሬ ሆኖ ቀረ። ትከሻውን ያመመው ሰው ይታሻል፣ ይታሰራል፣ «ቁርጥማት ነው» ይባላል። ይህ የፈረንጅ ብቻ አይደለም፤ የኛም ወጌሻ የወለቀውን መመለስ ያውቅበታል፣ ከአጥንቱ ላይ ተበጥሶ ለሸሸ ጅማት ግን እጁ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ጅማቱን አግኝቶ ወደ አጥንቱ ለመመለስ ቆዳውን መክፈት የግድ ነበር።

በ1909 ይህን ያደረገው የቦስተኑ ኧርነስት ኤሞሪ ኮድማን ነው። በ1911 ሁለት በሽተኞችን ጠቅሶ ጽሑፍ አወጣ፤ ሁለቱም ደኅና ሆነውለታል። ኮድማን በ1869 እዚያው ቦስተን ተወልዶ በሐርቫርድ ሕክምና የተማረ የደኅና ቤተ ሰብ ልጅ ነው። ተማሪ ሳለ ከጓደኛው ከሐርቪ ኩሺንግ ጋር፣ በማደንዘዣ ላይ ያለን በሽተኛ የልብ ትርታ የሚመዘግቡበት ወረቀት አዘጋጅተው ነበር። እንግዲህ የመመዝገብ አመሉ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በኋላ ይህ አመል አደገና «የመጨረሻ ውጤት» የሚል ስም አገኘ። ለያንዳንዱ በሽተኛ አንድ ካርድ ይወጣል፤ ምን ብሎ መጣ፣ ሐኪሙ ምን መሰለው፣ ምን ተደረገለት፣ ከዓመት በኋላ እንዴት ሆነ። ካልዳነ ደግሞ ለምን? የሐኪሙ ዕውቀት ወይም እጅ አንሶ ነው? ፍርዱ ተሳስቶ ነው? ጥንቃቄ ወይም መሣሪያ ጐድሎ ነው? ወይስ በሽታው ራሱ የማይቻል ሆኖ ነው? ካርዱ ይህን ሁሉ ይጠይቃል።

እስቲ አስቡት፤ ይህን የሚያህል ቀላል ነገር ማን ይቃወማል? ሁሉም ተቃወመው ማለት ይቻላል። በዚያን ጊዜ በቦስተኑ ትልቁ ሆስፒታል፣ በማሳቹሴትስ ጄነራል፣ የቀዶ ሐኪም ዕድገት የሚገኘው በሠራበት ዘመን ብዛት ነው። የማን በሽተኛ ድኖ የማን እንዳልዳነ የሚቈጥር አልነበረም። ኮድማን በ1914 ይህን በመቃወም ሥራውን ለቀቀ፤ ወዲያውም «ውጤቴ ከሌሎቹ የተሻለ ስለሆነ የቀዶ ሕክምናው ዋና ሹም አድርጋችሁ ሹሙኝ» ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ማመልከቻው ተቀባይ አላገኘም። ትዕቢት ነው የሚለው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን የሚመስለኝ ፈተና ነው። የሾማችሁኝ ወይም የጣላችሁኝ በምን ሚዛን ነው? ብሎ ነው የጠየቃቸው።

በ1911 ፒንክኒ በሚባለው መንገድ ላይ ያቋቋማት ትንሽ የራሱ ሆስፒታል ነበረችው። እስከ 1916 ድረስ ከዚያ የወጡትን 337 በሽተኞችና በሕክምናቸው ላይ የተሠሩትን 123 ስሕተቶች ዘርዝሮ፣ በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በተነው። የራሱን ስሕተት ማለት ነው። ዛሬም ቢሆን ይህን የሚያደርግ ስንት ሰው ይገኛል?

ነገሩን ያፈነዳው ግን አንድ ሥዕል ነው። ጥር 6 ቀን 1915 በቦስተን የሕክምና ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የሐኪሞች ስብሰባ ተጠርቶ ነበር፤ የጠራው የማኅበሩ የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊቀ መንበር የነበረው ኮድማን ራሱ ነው። የከተማው ከንቲባም ተገኝቷል። በስብሰባው መጨረሻ ላይ ኮድማን አንድ ትልቅ የቀልድ ሥዕል ገለጠ። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሰጎን ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ የወርቅ እንቁላል ትጥላለች። ሰጎኗ የከተማው ሀብታም ሰፈር ነዋሪ ናት፤ እንቁላሎቹን የሚለቅሙት ደግሞ ታላላቆቹ ሐኪሞችና ፕሮፌሰሮች ናቸው። የሆስፒታሉ ባለ አደራዎች በአንድ በኩል ቆመው፣ ሰጎኗ ስለ ሕክምናዋ እውነቱን ብታውቅ እንቁላል መጣሏን ትቀጥል ይሆን እያሉ ይጨነቃሉ። የሐርቫርድ ፕሬዚዳንትም አልቀረላቸውም፤ እዚያው ተሥለዋል። አዳራሹ ተናወጠ። ኮድማን ከሊቀ መንበርነቱ እንዲወርድ ተገደደ፤ የሐርቫርድ የማስተማር ሥራውንም አጣ። ትንሿ ሆስፒታሉም ከጊዜ በኋላ ገንዘብ አጥሯት ተዘጋች። በ1934 ግን ያለ የሌለ ዕውቀቱን አጠራቅሞ «ትከሻው» የሚለውን ትልቅ መጽሐፉን አወጣ፤ እሱንም በራሱ ወጪ። የሕክምና መጽሐፍ ሆኖ ሳለ የሕይወት ታሪኩን፣ ጠቡንና ሽንፈቱን ጭምር ያሰፈረበት እንግዳ መጽሐፍ ነው። በ1940 ሞተ። ዐፅሙ ያረፈው ካምብሪጅ በሚገኘው በማውንት ኦበርን መካነ መቃብር ነው፤ የመቃብር ድንጋይ የቆመለት በ2014 ነው፤ ከ74 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ኮድማን የሰፋው የሚሰፋውን ጅማት ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገር ደግሞ የማይሰፋው ነው።

ጅማት ከአጥንቱ ሲለቅ ባለበት ቆሞ አይጠብቅም። ጡንቻው እንደ ተበጠሰ ላስቲክ ወደ ኋላ ይስበዋል። ወራት፣ ከዚያም ዓመታት ሲያልፉ ርቀቱ ይሰፋል፤ ሐኪሙ ከፍቶ ሲገባ ጫፉን ቢያገኘው እንኳ ስቦ አጥንቱ ላይ ማድረስ አይችልም። ቢያደርሰውም ክሩ የሳሳውን ጅማት እንደ ቅቤ ሰንጥቆ ይወጣል። ከጅማቱ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ ጡንቻው ነው። በ1994 ፈረንሳዊው ዳንኤል ጉታሊዬና ባልደረቦቹ የትከሻን ጡንቻ በሲቲ ስካን እያዩ ከ0 እስከ 4 ደረጃ አወጡለት። ሥጋ ቤት ለሚያዘወትር አንባቢ ነገሩን ማስረዳት አይቸግርም፤ ቀይ ሥጋ ውስጥ ጮማው እንዴት እንደሚገባ ያውቃልና። ደረጃ 0 ጥሩ ቀይ ሥጋ ነው። ደረጃ 3 ላይ ጮማውና ሥጋው እኩል ለእኩል ይሆናሉ። ደረጃ 4 ላይ ጮማው ይበልጣል። ለቍርጥ ይህ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለትከሻ ግን ሞት ነው። ጮማ የሆነ ጡንቻ ጅማቱ ቢሰፋለትም ተመልሶ ሥጋ አይሆንም። ስለዚህ «የማይሰፋ» ሲባል መርፌው አልደርስ ያለው ብቻ ሳይሆን፣ ቢሰፋም የሚስበው ጉልበት የጠፋበት ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከዚህ ወዲያ ታሪኩ በብዙ መንገድ ይበታተናል፤ ሁሉንም እኩል መከተል አይቻልም፣ አስፈላጊም አይደለም።

ከሁሉ ትሑቱ መንገድ አለመስፋት ነው። የተበጣጠሰውን ጫፍ ማጽዳት፣ የሚቆረቁረውን የአጥንት ሻካራ ማለስለስ፣ ከዚያም መዝጋትና ዴልቶይድን በስፖርት ማጠንከር። በቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ የነበረው ቻርልስ ሮክውድ በ1995 እንዲህ የታከሙ 53 ትከሻዎችን ተከታትሎ 44ቱ አጥጋቢ ውጤት አላቸው ብሎ ጻፈ። አስተውሉ፤ ምንም አልሰፋም! የሊዮኑ ጂል ዋልሽ ደግሞ በቅዳዱ መካከል ተጋልጦ የሚታሸውን የባይሴፕስ ረጅም ጅማት በትንሽ ካሜራ እየተመራ ቈርጦ ይለቀዋል። በዚህ መንገድ የታከሙ የ307 ትከሻዎች ውጤት በ2005 ታትሟል፤ ክንዱ ጉልበት ባይጨምርም ሕመሙ ይቀንሳል። ሕመም ላሳጣው እንቅልፍ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እዚያው ሳን አንቶኒዮ ስቲቨን በርክሃርት የተባለው ሐኪም በ1994 ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ ሁሉን መስፋት ካልተቻለ የሚሰፋውን ያህል እንስፋ የሚል። ቆቡን በተንጠለጠለ ድልድይ መሰለው። በመካከሉ ቀዳዳ ቢኖርም ሁለቱ ምሰሶዎች፣ የፊቱና የኋላው፣ ከቆሙ ገመዱ ሸክሙን ይሸከማል ማለቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ብድር ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ከጐረቤቱ ጋር መቀናጆ እንደሚገባው ሁሉ፣ የሞተውን ጡንቻ ሥራ ሌላ ጡንቻ እንዲሠራው ማድረግ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ ጆሴፍ ሌፒስኮፖ በወሊድ ጊዜ የክንዳቸው ነርቭ ለተጐዳ ሕፃናት የጡንቻ ማዛወር ሥራ አቅርቦ ነበር። የስዊሱ ክርስቲያን ገርበር በ1988 ይህን ዓይነቱን ሐሳብ ወደ ተቀደደው ቆብ አመጣው። ሰፊውን የጀርባ ጡንቻ፣ ላቲሲመስ ዶርሲን፣ ከተተከለበት ነቅሎ በኋላ በኩል አዙሮ ከክንዱ አጥንት ራስ ላይ ሰፋው። ይህ ጡንቻ ዕድሜ ልኩን ክንድን ወደ ታችና ወደ ውስጥ ሲስብ የኖረ ነው፤ አሁን ተገላቢጦሹን እንዲሠራ መማር አለበት። በሽተኛውም ከርሱ ጋር ይማራል፤ ወራት ይፈጃል። የፊተኛው የቆብ ጅማት ጤነኛ ካልሆነ ደግሞ ሥራው ብዙ አይሳካም። በኋላ በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ባሰም ኤልሐሰን የትራፔዚየስን ታችኛ ክፍል መረጠ፤ የስበቱ አቅጣጫ ለጠፋው ጡንቻ ይቀርባል በማለት። ግን ያ ጡንቻ ክንድ ድረስ አይደርስም። ስለዚህ ከሟች በተለገሰ የተረከዝ ጅማት ይቀጥሉታል።

ሦስተኛው መንገድ ብረቱ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ደስ ይለኛል። በ1893 ፓሪስ ውስጥ ጁል ፔአን የሚባለው ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም፣ ሳንባ ነቀርሳ ትከሻውን ለበላበት የ37 ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ሰው ሠራሽ ትከሻ ተከለለት። ዕቃውን የሠራው የጥርስ ሐኪም ነው! ከፕላቲንና በፓራፊን ከተቀቀለ ጠንካራ ጐማ። ጋጋሪው ለጊዜው ክንዱ ተረፈለት፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ቁስሉ እየመገለ ስላስቸገረ ዕቃው ወጣ። ከዚያ በ1950ዎቹ የኒው ዮርኩ ቻርልስ ኒር ለተሰባበረ የክንድ አጥንት ራስ የሚሆን የብረት ምትክ አስፋፋ። ይኸው ኒር በ1983 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ26 በሽተኞች ላይ ያየውን ጻፈ። ቆቡ ለዓመታት ተቀድዶ ሲቀር ብርቱካኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ የትከሻውን ጣራ ይፍቃል፣ በመጨረሻ መገጣጠሚያው በሙሉ ይፈራርሳል። እዚህ ላይ ተራው ብረት አይሠራም። ቆብ የለማ! ብረቱም እንደ አጥንቱ ሽቅብ ይወጣና አዲሱን ሳሕን ከሥሩ እየነቀነቀ ያላላዋል።

መፍትሔው ነገሩን መገልበጥ እንደ ሆነ ብዙዎች ገምተው ነበር፤ ኳሱን በጠፍጣፋው አጥንት ላይ፣ ሳሕኑን በክንዱ ላይ ማድረግ። ኒር ራሱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያሉ ሦስት ዓይነት ዕቃዎች ሠርቶ ሞከረና ተዋቸው። እንግሊዞችና ጀርመኖችም ሞክረዋል። ችግሩ ኳሱ ከአጥንቱ ርቆ፣ በአንገት ላይ ወጥቶ መተከሉ ነው፤ ክንድ በተነሣ ቁጥር ረጅም እጀታ እንዳለው መፈልቀቂያ ሆኖ ሥሩን ይነቅለዋል።

ፖል ግራሞን የሚባለው የዲዦን ፕሮፌሰር በ1985 ያመጣው ለውጥ በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ነው። አንገቱን ጣለው። ግማሽ ያህል ኳስ አጥንቱ ላይ ልጥፍ አደረገና የመዞሪያው ማዕከል እዚያው አጥንቱ ፊት ላይ እንዲውል አደረገ፤ መፈልቀቂያው አጠረ። ክንዱን ደግሞ ዝቅ አደረገው። በዚህ ጊዜ ዴልቶይድ፣ ላልቶ የነበረው፣ እንደ ክራር አውታር ተወጠረ። አስቀድመን ዴልቶይድ ብቻውን ክንድን አያዞርም ብለን ነበር። አሁን ያዞራል፤ ምክንያቱም አጥንቱ ሽቅብ የሚሸሽበት መንገድ በኳሱ ተዘግቷል። ቆቡን መስፋት ቀረ፣ መተካትም ቀረ፤ ትከሻው ያለ ቆብ እንዲኖር ተደርጎ እንደገና ተሠራ። በ1987 ስለ ስምንት በሽተኞች ጻፈ። በ1991 የተሻሻለው ዕቃ ወጣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ግን የፈቀደው በ2003 ነው። የአሜሪካ ሐኪሞች የቸኰሉ አይመስልም፤ የ1970ዎቹ ውድቀት ጠባሳ ጥሎባቸው ይሆናል። ዛሬ ቆቡ ለጠፋና መገጣጠሚያው ለፈረሰ ሽማግሌና አሮጊት ይህ ዕቃ ከሁሉ የተሻለ አለኝታ ሆኗል፤ ክንዱን ከደረቱ በላይ ማንሣት ተስኖት የነበረ ሰው ባርኔጣውን ያደርጋል።

ይሁንና ነገሩ ዋጋ አለው። ይመግላል፣ ይወልቃል፣ የክንዱ ብረት ከኳሱ ሥር ያለውን አጥንት እየፋቀ ጥርስ ያወጣበታል። ክንድን ወደ ውጭ ማዞርን ሁልጊዜ አይመልስም። አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ወደ ነበረበት መመለስ የለም። ለ75 ዓመት ሰው ይህ ሁሉ ይታለፋል። ዕድሜው 50 ለሆነና እንጀራው ጆንያ በመሸከም ለተመሠረተ ሰውስ? እሱ ነው ሐኪሞቹን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የነሳቸው።

ለርሱ ሲባል በጃፓን ኦሳካ ቴሩሂሳ ሚሐታ ሌላ መንገድ ሄደ። ትኩረቱ ጅማቱ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ስስ የመገጣጠሚያ ሽፋን ላይ ነው። ከበሽተኛው ከራሱ ጭን ጠንካራ ሽፋን ቈርጦ፣ ደራርቦ አወፍሮ፣ ከሳሕኑ ጫፍ እስከ ክንዱ አጥንት ራስ ድረስ እንደ ዳስ ይዘረጋዋል፤ አጥንቱ ሽቅብ እንዳይወጣ። በ2013 በ24 ትከሻዎች ላይ ያገኘውን አወጣ፤ የክንድ ከፍታ በአማካይ ከ84 ዲግሪ ወደ 148 ደረሰ። ዓለም ተደነቀ። አሜሪካኖቹ ጭን መቈረጡ ስላልተመቻቸው ከሟች የተለገሰ ቆዳ ይጠቀሙ ጀመር። ቆዳው ግን ከጭኑ ሽፋን ይሳሳል፤ የአንዱን ውጤት የሌላው ነው ብሎ መቍጠር አይቻልም።

በመጨረሻ ፊኛው መጣ። ሐሳቡ ከሁሉም ቀላል ስለሆነ ያስቃል፤ በአጥንቱ ራስና በትከሻው ጣራ መካከል ጨው ውሃ የተሞላ ፊኛ አስገቡበት፣ አጥንቱን ወደ ታች ይጫነዋል፣ በወራት ውስጥ ሟሙቶ ይጠፋል፣ እስከዚያ ዴልቶይድ ይለማመዳል። ሥራው ደቂቃዎች ነው። ከ2010ዎቹ ጀምሮ «ጥሩ ነው» የሚሉ ትናንሽ ሪፖርቶች ተከታተሉ። በሽተኞቹ ተሻላቸው ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ተሽሏቸዋል። ግን ከምን ጋር ሲነጻጸር?

እዚህ ላይ የኮድማን ካርድ ተመልሶ ይመጣል። በእንግሊዝ አገር በ24 ሆስፒታሎች 117 በሽተኞች ለጥናት ፈቀዱ። ሁሉም ኦፕራሲዮን ክፍል ገቡ፣ በካሜራ ታይቶ ጅማታቸው የማይሰፋ መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ በዕጣ ግማሹ ማጽዳት ብቻ፣ ግማሹ ማጽዳትና ፊኛ ተደረገላቸው። ከኦፕራሲዮን በኋላ የሁሉም ልምምድ አንድ ዓይነት ነው። ፊኛው የማን ትከሻ ውስጥ እንዳለ በሽተኛው አያውቅም፤ የሚጠይቀውም ሰው አያውቅም። ጥናቱ ሳያልቅ በመካከል ሲታይ ፊኛው ይጠቅማል የሚባልበት ተስፋ ስላልተገኘ ምዝገባው ተቋረጠ። ውጤቱ በ2022 «ላንሴት» ላይ ወጣ። ከ48 ነጥብ፣ ከዓመት በኋላ፣ ፊኛ ያልገባላቸው 34.3 አገኙ፤ ፊኛ የገባላቸው 30.3። ያልተጨመረለት በለጠ! ለፍትሕ ያህል በዚያው ዓመት በ184 ሰዎች ላይ የታተመው ሌላ ጥናት ፊኛውን ከከፊል ስፌት ጋር አነጻጽሮ አያንስም ብሏል። ግን ሁለቱ ጥናቶች የጠየቁት አንድ ጥያቄ አይደለም። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ፊኛውን የፈቀደው በ2021 ነው፤ ይህ ሁሉ ከመታተሙ ከአንድ ዓመት በፊት።

ያን 54 በመቶ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ነገሩ ያን ያህል አያስደንቅም። ቀዳዳ ይዞ ያለ ሕመም መኖር ይቻላል። በ2008 ከእንግሊዝ ሬዲንግ የወጣ ጽሑፍ ቆባቸው በሰፊው የተቀደደ 17 አረጋውያን፣ ዴልቶይድን በማሠልጠን ብቻ፣ አንዲት መርፌ ሳይነካቸው ክንዳቸውን እንዳነሡ ይናገራል። ጽዳቱ፣ ልምምዱና ጊዜው የሠሩትን ሥራ ፊኛው በስሙ አስመዝግቦ ኖሮ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ፊኛ ያልገባለት ሰው ጐን ለጐን መኖር ነበረበት፤ ከዓመት በኋላም ሄዶ የሚጠይቀው።

የጠየቋቸውም ጥያቄ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በኦክስፎርድ ተዘጋጅቶ በ1996 የወጣ፣ 12 ጥያቄ ያለው አንድ ወረቀት ነው፤ በሽተኛው ራሱ ይሞላዋል። ስላለፉት አራት ሳምንታት ነው የሚጠይቀው። ልብስ መልበስ ያስቸግርዎታል ወይ? ገበያ ብቻዎን ይወጣሉ? ምግብ የተደረደረበት ትሪ ይዘው ክፍሉን ማቋረጥ ይችላሉ? በታመመው እጅ ጸጉርዎን ያበጥራሉ? ልብስዎን ቁም ሣጥን ውስጥ ይሰቅላሉ? ሌሊት አልጋ ላይ ያምዎታል? ከ117ቱ 114ቱ ዓመታቸው ሲሞላ መልሰዋል።